ቃሉ ምን አስከፈላቸው?

ሐምሌ ሲገባ የእኔ ዓይነት ሥራ ያለው የሻሸመኔ ሰው እንቅልፍ የለውም። ከአዲስ አበባ በሚመጣው አስፋልት ዳር፣ ከጃማይካ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የሕትመት ቤት አለችኝ። በሌላው ወር የሠርግ ካርድ፣ የእድር ማኅተም፣ የምርቃት ባነርና የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ሐምሌ 16፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ሲቃረብ ግን ቲሸርቱና አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቁ ጠረጴዛዬን ይሞላዋል። ከፊት የጃንሆይ ምስል፣ ከኋላ ጥቅስ። ምስሉ ላይ ተከራክሬ አላውቅም። ጥቅሱ ላይ ግን በየዓመቱ እከራከራለሁ።

ልጆቹ ስልካቸውን እያሳዩ «እትዬ፣ ይቺን አትሚልኝ» ይላሉ። በቴሌግራም የተላከች ናት። ከአንበሳ ምስል በታች ስለ ስኬት፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ የምትመክር ዓረፍተ ነገር፤ ከግርጌዋ የንጉሡ ስም። መቼ ተናገሩት? የት? ለማን? ስል መልስ የለም። «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው እኮ!» ይሉኛል። በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርትና በፈረንሳይኛ ያደጉ ሰው በዛሬ የሥልጠና አዳራሽ ቋንቋ እንደማይናገሩ ለማወቅ የታሪክ ምሁር መሆን አያሻም።

ነገሩ ቲሸርት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ወደ ጋዜጣ አላመጣውም ነበር። አሁን ግን ስብሰባ የሚከፈተው በንጉሥ ጥቅስ ሆኗል። በፍሬም አሳትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውም ኃላፊ በዝቷል። የምኒልክን ብልሃትና የጃንሆይን ትዕግሥት ከራሱ በላይ ሰቅሎ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣውን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይላል። የነገሥታቱ ቃል ጌጥ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የመሪ ቃል የሚመዘነው ራሱን ተናጋሪውን ባስከፈለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ምንም ያላስከፈለ ቃል የፈለገውን ያህል ቢያምር ከንቱ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ ጃንሆይ የሚከበሩበት ቦታ አለ፤ የሚወቀሱበትም ቦታ አለ። ሁለቱንም እዚሁ ሻሸመኔ ቆሜ አያለሁ።

የቆምኩበትን ልናገር። በእናቴ ወገን የሸዋ ሰዎች ነን፤ በአባቴ ወገን አርሲ ኦሮሞ። እናቴ ተማሪ ሳለች ጃንሆይ ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ሲያልፉ ትምህርት ቤታቸው ገብተው ለልጆቹ ብርቱካንና ሹራብ አድለዋል። ሹራቡን እስኪበጣጠስ ለብሳዋለች፤ «አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ?» ብለው እንደጠየቋት እስከ ዕለተ ሞቷ አውርታለች። የአባቴ አባት ደግሞ በዚያው ዘመን ከኩየራ ወዲያ ጭሰኛ ነበር። ከሚያመርተው ሲሶውን ለባለርስቱ ይገፈግፋል፤ ለበዓል ሙክት ያቀርባል፤ ባለርስቱ ከተቆጣ ደግሞ በክረምት ከነቤተሰቡ ይነቀላል። እኔ ያደግሁት ሁለቱም በአንድ ማዕድ በሚቀመጡበት ቤት ነው። ስለዚህ ስለ ጃንሆይ የሚጻፈው ሁሉ ምስጋና ብቻ ወይም እርግማን ብቻ ሲሆን ግማሽ ቤተሰቤ የተዘለለ ይመስለኛል።

ከሚከበሩበት ልጀምር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ከተማዋ ገቡ። የየካቲት 12 ግፍ ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ደም አልደረቀም። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች አሉ፤ ሴቶችና ሕፃናትም አሉባቸው። የዚያን ዕለት ለሕዝባቸው የተናገሩት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በጭካኔም እጁን እንዳያሳድፍ የሚያዝዝ ነበር። ይህን ቃል ዛሬ ማንም በቀላሉ ይጠቅሰዋል። እኔን ግን የሚገርመኝ ማን እንደተናገረው ነው። የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በጣሊያን ጥይት ተገድለዋል። የሌላዋ ልጃቸው የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ሰሞን እንዲሁ። ልዕልት ሮማነወርቅ ራሷ ከልጆቿ ጋር ወደ ጣሊያን ተግዛ በምርኮ እንዳለች ሞታለች። እንግዲህ ምሕረት ያወጁት ሁለት አማቾቻቸው የተረሸኑባቸው፣ ልጃቸው በባዕድ አገር የተቀበረችባቸው አባት ናቸው። በቀል ለሳቸው የቀረበ፣ የሚገባቸውም የሚመስል ነገር ነበር። ትተውታል። ሕዝቡም ጣሊያኖቹን ተዋቸው፤ አዲስ አበባ የበቀል እርድ አልታየባትም።

ከዚያ በፊት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የሆነውንም አስታውሱ። የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናጉት። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ በፈረንሳይኛ ቢናገሩ የዓለም ዲፕሎማት ሁሉ በቀጥታ ይሰማቸው ነበር። ፉጨቱ እስኪበርድ ጠበቁና በአማርኛ ተናገሩ። ተሸንፎ፣ አገሩን ተነጥቆ፣ በሰው አዳራሽ እየተሰደበ ድምፁን ከፍ ያላደረገ ሰው ራሱን ምን ያህል እንደገዛ ገምቱ። ዛሬ በቀበሌ ስብሰባ አንድ ሰው ካቋረጠው ማይክ ወርውሮ የሚወጣ መሪ አይቻለሁ።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በአሜሪካና በካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ለመዝመትም የተመዘገቡ ነበሩ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርቶ ያን ፍቅር አደራጀው፤ እሱ ራሱ ነፃነቱን ሳያይ ሞተ። ጃንሆይ ለዚያ ውለታ በ1940 ዓ.ም. ገደማ አምስት ጋሻ፣ ሁለት መቶ ሄክታር ያህል መሬት ሻሸመኔ ላይ ሰጡ። ሄለንና ጀምስ ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት በ1940ዎቹ መጥተው ሰፈሩ። ከነሱ በኋላ ጃማይካውያን፣ ትሪኒዳዳውያን፣ ከእንግሊዝ አገርም ብዙዎች ተከተሉ።

ብዙዎቹ ጃንሆይን አምላክ ነው ብለው የመጡ ራስታዎች ናቸው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሡ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከብቦ መውረጃ አሳጥቷቸው ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንድ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ ሕዝብ አምላኬ እያለ ሲሰግድለት! ስንቱ መሪ ነው ዝም ብሎ የማይቀበለው? እሳቸው ግን ከዓመት በኋላ ለካናዳ ብሔራዊ ማሠራጫ ሲናገሩ ሰው መሆናቸውን፣ ሟች መሆናቸውን፣ በሚመጣው ትውልድ እንደሚተኩ በግልጽ አስረዱ፤ ሰውን ከአምላክ ጋር ማሳሳት እንደማይገባም ተናገሩ። በቃል ብቻም አልተውት። አባ ላዕከ ማንደፍሮን፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን፣ ወደ ጃማይካ ልከው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንድትተከል አደረጉ። ሊሰግዱላቸው ለመጡት ሰዎች የሚሰግዱለትን አሳዩአቸው። ቦብ ማርሌይ በ1973 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የተጠመቀው በኒሁ አባት እጅ ነው፤ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ።

ባለፈው ዓመት በሰፈሩ ከሚከበሩት የራስታ ሽማግሌዎች አንዱ የከበሮ ማልበሻ ጨርቅ ሊያሳትሙ መጡ። ጨርቁን ዘርግቼ ቀለሙን በማተሚያው ወንፊት ላይ እየገፋሁ ሳለ ለዓመታት በሆዴ የነበረውን ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ሰው ነኝ ብለዋል። ይህን ለምን አናትምም?» እሳቸውም የመጡበትን ከተማ ለዛ ባልለቀቀ አማርኛቸው፣ «እህቴ» አሉኝ፣ «የእኔ አያት ቅድመ አያት ባሪያ ናቸው። ጌታህ ነኝ ያለን ሰው ብዙ ነው። ሰው ነኝ ያለን ንጉሥ ግን አንድ እሳቸው ናቸው። እኛ እኮ የተከተልነው ለዚህ ነው።» ቀለሙ እስኪደርቅ ሌላ ነገር አልተናገርንም። በሃይማኖታቸው አልስማማም። የተናገሩት ግን ስለ መሪነት ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል።

አንድ ሌላም አለ፣ በአጭሩ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሚኒስትሮቻቸውና መኳንንቶቻቸው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ተረሸኑ። በዓመቱ ያንኑ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ ስድስት ኪሎ የሚማር ተማሪ ሁሉ የሚመላለሰው በዚያ ግቢ ነው።

አሁን የሚወቀሱበት። መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ አንዱ ዘር የበላይ ሌላው የበታች ነው የሚል አስተሳሰብ እስካልጠፋ ድረስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ እስካለ ድረስ ሰላም እንደማይኖር ተናገሩ። ቦብ ማርሌይ ያን ንግግር ዘፈን አድርጎት ዓለም ሰማው፤ እኛም ሰፈር በየሱቁ ይሰማል። ያኮራኛል። ነገር ግን በዚያው መስከረም፣ በዚያው ሳምንት፣ አያቴ ከኩየራ ወዲያ ሲሶውን ለመገፍገፍ እህሉን ይሰፍር ነበር። ያ ቃል ተናጋሪውን እቤቱ ድረስ ሊከተለው ይገባ ነበር፤ ሊያስከፍለው ይገባ ነበር። ጭሰኝነትን ሊያስቀረው ይችል የነበረ ዙፋን ነው። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ መልስ ማግኘት ነበረባቸው። አላገኙም። ለኒው ዮርክ የተነገረው እውነት ለአርሲ ገበሬ ሳይደርስ ቀረ።

የወሎ ረሃብም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ከአፄ ምኒልክ ጋር አነጻጽራቸዋለሁ። በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ ገበሬው በሬ ሲያጣ፣ መኳንንቱ እርሻ መቆፈር ውርደት ነው ሲሉ፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ቃል አላበዙም። ንጉሥ ዶማ ከያዘ ከበታች ያለው ሁሉ ምክንያት አጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ግን ቤተ መንግሥቱ በጊዜ አልነቃም፤ የነቃውም ሹም ደብቋል። ዓለም ያወቀው በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ፊልም ነው። ያ ፊልም ከግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቆራርጦ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» ይባል የነበረበት አገር ንጉሡን በአንድ ሌሊት ከሰሰው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚቆጨኝ ሥልጣን አለማስረከባቸው ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አልጋ ወራሽ፣ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑ ንጉሠ ነገሥት፤ ሲወርዱ 82 ዓመታቸው ነበር። በሚመጣው ትውልድ እንተካለን ብለው ለካናዳው ጋዜጠኛ የነገሩት ሰው ለሚተካቸው መንገድ አልጠረጉም። የሚገዙት ሕዝብ ግን ሥልጣን ማስረከብን ያውቅ ነበር። የአባቴ ወገኖች በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ስምንተኛው ዓመት ሲሞላ የሚለምነው የለም፣ የሚያባርረው የለም። በአርሲ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በወጡ ጊዜ የሚዋጋ ወንድ ቆሞ እንዲሰማ ግድ ነው። ሥልጣን ልክ እንዳለው እቤቱ የተማረ ሕዝብ ነው። ጃንሆይ ከጄኔቭና ከለንደን ብዙ ነገር አመጡ፤ ከሐረር እስከ አርሲ በደጃቸው የነበረውን ይህን ጥበብ ቢያዩት ኖሮ ብዙ ደም ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው በሞተ ንጉሥ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ከተማዬ ቃል ምን እንደሚያስከፍል በራሷ አይታለች። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ሻሸመኔ ተቃጠለች፤ ሰው ሞተ፤ የሰው ዕድሜ ልክ ጥሪት አመድ ሆነ። በዚያ ቀን እኛ ሰፈር አንድ ሽማግሌ፣ ከብት አርቢ የነበሩ አርሲ ኦሮሞ፣ ከሌላ አገር የመጣ ጎረቤታቸው በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሊያቃጥሉ የወጡት ልጆች ሲመጡ በኦሮምኛ «ይህ ቤት የእኔ ነው» አሏቸው። የሳቸው አልነበረም። እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከመስኮት አይቻለሁ። ልጆቹ ቆመው ተያዩ፤ አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ሄዱ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ያችን አጭር ቃል ማንም በፍሬም አላሳተማትም፤ ማንም ጥቅስ አላደረጋትም። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን አስይዘው ነው የተናገሯት። ሚያዝያ 27 የተነገረው ቃልና ይህ በእኔ ሚዛን እኩል ናቸው።

እንግዲህ የሚቀረው የመሬቱ ቃል ነው። ጃንሆይ የሰጡት አምስት ጋሻ ያለ ባለቤት የተኛ መሬት አልነበረም፤ የአካባቢው ገበሬ ልጆች አባቶቻችን ያረሱት ነው ይላሉ፤ ሊሰሙ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ሰፋሪዎቹም አብዛኛውን ይዞታቸውን አጡ፤ አያቴ ደግሞ በዚያው አዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሚለው ማሳ አገኘ። በአንድ አዋጅ አንዱ ሲካስ ሌላው የተስፋ ቃሉን ተነጠቀ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ለራስታዎቹ ያለ ቪዛ የሚኖሩበት መታወቂያ ለመስጠት ወሰነ፤ ጥሩ ጅምር ነበር። ግን መምረጥ አይፈቅድም፤ የቤታቸውና የመሬታቸው ጉዳይም እልባት አላገኘም። ሻሸመኔ የተወለዱ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ወጣቶች ዛሬም ከየት አገር ናችሁ ይባላሉ።

ንጉሡ ሞተዋል፤ አስከሬናቸውም ከተሰወረበት ወጥቶ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ቃሉን የሰጡት ግን እንደ ኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ስሙን ይለውጣል እንጂ ዕዳው አይሞትም። ለሻሸመኔ ከተማ አስተዳደርና ለኦሮሚያ ክልል የምለው ይህን ነው፦ የሰፋሪዎቹን ልጆችና የነባሩን ገበሬ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይገኙ፤ ሲንቄ የያዙ እናቶችም ይገኙ። ለሁለቱም ይዞታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስጧቸው። ይህን ካደረጋችሁ ስለ ጃንሆይ ጥበብ በየስብሰባው መጥቀስ አያስፈልጋችሁም።